የመጣው ዕቃ ከቡፌው ይውረድ፦ እንግዳ ስጦታን በዕለት ሥራ የመፈተኛ መመሪያ

ከውጭ አገር የሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ድሮ ልብስ፣ ጫማና ሽቶ ይበዛበት ነበር። አሁን ያለ ዘይት የሚጠብስ ኤር ፍራየር፣ ወለል ላይ ራሱን እየነዳ የሚጠርግ ሮቦት፣ ሥጋና አትክልት የሚያደርቅ ሣጥን፣ ሲያናግሩት የሚመልስ ድምፅ ማጉያ ይወጣበታል። የብዙዎቹ ዕጣ ግን ያው ነው፤ ለአንድ ቀን ይታያሉ፣ ሰጪው ይመረቃል፣ ከዚያ ከነካርቶናቸው ቡፌ ላይ ይወጣሉ። አንዳንዱም ገና በተሰካበት ቀን ይጨስና "የማይረባ ዕቃ" ተብሎ ስሙ ይጠፋል። ቡፌ ላይ የወጣውም የተቃጠለውም አልተሞከሩም።

ዕቃ የሚፈተነው በቤታችሁ ውስጥ ከድሮም የነበረ አንድ ሥራ ሲሰጠው ነው፤ ያም በቤታችሁ መብራት፣ በቤታችሁ ውኃና በከተማችሁ ከፍታ። ካርቶኑ ላይ የታተመው ፎቶግራፍ የሌላ አገር ወጥ ቤት ነው፤ በእሱ አትመሩ።

1. ከመሰካታችሁ በፊት ከሥሩ የተለጠፈውን አንብቡ

ኤሌክትሪክ የሚጠቀም ዕቃ ሁሉ ከሥሩ፣ ከጀርባው ወይም ባትሪ መሙያው ላይ ቮልቱንና ኸርዙን የሚናገር ጽሑፍ አለው፤ ቮልት የመብራቱ ግፊት፣ ኸርዝ ደግሞ በሰከንድ የሚመላለስበት ቁጥር ነው። የኢትዮጵያ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው፤ የአሜሪካው 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ። ጽሑፉ ከ100 እስከ 240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ የሚል ከሆነ ተገላገላችሁ፤ የመሰኪያውን ቅርጽ የሚያስማማ አዳፕተር ብቻ ይበቃል። የስልክና የላፕቶፕ መሙያዎች በአብዛኛው እንዲህ ናቸው። 110፣ 120 ወይም 125 ብቻ የሚል ከሆነ ግን አትሰኩት።

ብዙ ዕቃ የሚቃጠለው እዚህ ላይ ነው። አዳፕተር ቅርጽ እንጂ ቮልት አይለውጥም። በ120 ቮልት 1,500 ዋት እንዲወስድ የተሠራ ማሞቂያ ሽቦ 220 ሲገባበት ወደ 5,000 ዋት ለመሳብ ይሞክራል፤ ቮልቱ እጥፍ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ኃይሉ ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናልና። ብሬከሩ ቢወርድ ዕድለኞች ናችሁ፤ ካልወረደ ሽቦው ይበጠሳል ወይም ፕላስቲኩ ይቀልጣል።

ዕቃው ከየት እንደመጣ ማወቅም ይረዳል። ከአውሮፓና ከእስራኤል የመጣ በቮልትም በኸርዝም ከእኛው ጋር ይስማማል። ከዱባይ የመጣውም እንዲሁ፤ እዚያ የሚያስቸግረው ባለ ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ መሰኪያው ነው። ከሳዑዲ ዓረቢያ ለመጣ ዕቃ ግን ተጠንቀቁ። አገሪቱ 127 እና 220 ቮልትን ለረጅም ጊዜ ጎን ለጎን ስትጠቀም ስለኖረች፣ በተለይ አሮጌ ዕቃ ከሁለቱ በየትኛው እንደሚሠራ ሳይነበብ አይሰካም። ኸርዙም 60 ነው።

2. ትራንስፎርመር ያዋጣል ወይስ አያዋጣም?

የ120 ቮልት ዕቃ እጃችሁ ላይ ካለ ቮልት ዝቅ የሚያደርግ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። መጠኑን የምትመርጡት ዕቃው ላይ ከተጻፈው ዋት ቢያንስ ሩብ ያህል ጨምራችሁ ነው፤ ለ1,500 ዋት መጥበሻ 2,000 ዋት እንደማለት። እንዲህ ያለው ትራንስፎርመር ከባድ ነው፣ ይሞቃል፣ ዕቃው ጠፍቶ እንኳ ሶኬት ላይ ከቆየ ትንሽ ትንሽ መብራት ይበላል። ለመንገደኛ የሚሸጡት ቀላል መለወጫዎች ደግሞ ለአጭር ጊዜ ለሚያሞቁ ተራ ዕቃዎች ካልሆነ በቀር ኤሌክትሮኒክስ ላለበት አይሆኑም።

እኔ የምመክረው ይህን ነው። ዕቃው ከ300 ዋት በታች ከሆነ ትራንስፎርመር ግዙለት፤ ዋጋውም ክብደቱም ይቻላል። ከ1,000 ዋት በላይ ከሆነና እዚሁ በ220 የሚሠራ ተመሳሳይ ዕቃ በገበያ ካለ፣ የትራንስፎርመሩን ገንዘብ በዚያኛው ላይ ማዋል ይሻላል። ማይክሮዌቭ ከሆነ ጨርሶ ተዉት። ለ60 ኸርዝ ብቻ የተሠራ ማይክሮዌቭ ቮልቱ ቢስተካከልለትም 50 ኸርዝ ላይ ውስጡ ያለው ትራንስፎርመር ከልክ በላይ ይሞቃል፤ ተራ ትራንስፎርመር ደግሞ ኸርዝ አይለውጥም። ከሶኬቱ ኸርዝ የሚቆጥር የአሜሪካ ሰዓትም እዚህ በየሰዓቱ 10 ደቂቃ ወደኋላ ይቀራል።

ይህን የምታነቡት ላኪ ሆናችሁ ከሆነ፣ ከመክፈላችሁ በፊት 220 የሚል መኖሩን ጠይቁ። ፓወር ባንክ ስታመጡም በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ውስጥ አታስገቡ፤ ያለ አየር መንገዱ ፈቃድ የሚያልፈው እስከ 100 ዋት ሰዓት ነው። 20,000 ሚሊአምፕ ሰዓት የሚለው 74 ገደማ ስለሆነ ያልፋል።

3. መጀመሪያ ባዶውን አሙቁት

ምግብ የሚነካ ማሞቂያ ዕቃ ሁሉ አዲስ ሲሆን የፋብሪካ ሽታ አለው። ላስቲክና ካርቶን ከውስጡ መውጣቱን አረጋግጡ፤ የሚወልቀውን አጥባችሁ አድርቁ፤ ከዚያ መስኮት ከፍታችሁ ወይም በረንዳ አውጥታችሁ ለ15 ደቂቃ ያህል ባዶውን አሠሩት። በዚህ ጊዜ መሰኪያውን በእጃችሁ ዳስሱ፤ ለብ ማለቱ አያስፈራም፣ እጅ የሚያቃጥል ከሆነ ግን ሶኬቱ ልል ነው ወይም ገመዱ አልቻለም። በቀጭን ዲቫይደር ላይ ከሌላ ዕቃ ጋር አታዳብሉት። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎዋት በላይ ስለሚወስድ እንጀራ በሚጋገርበት ቀን አዲስ ዕቃ መሞከር ጥሩ አይደለም፤ መብራቱ ቢቋረጥ ጥፋተኛው የትኛው እንደሆነ አይታወቅም።

እዚሁ ላይ የሚወሰን ሌላ ጉዳይ አለ። የጾምና የፍስክ ዕቃ በሚለይበት ቤት ከሆነ ዕቃው ለየትኛው እንደሚሆን የመጀመሪያው ምግብ ሳይገባበት ተነጋገሩ። ምግብ እንዳይጣበቅበት የተለበጠ ቅርጫት የቅቤና የሥጋ ሽታ ይይዛል። አንዴ ዶሮ የተጠበሰበትን ለዓቢይ ጾም አምጡት ቢባል እናት አይስማሙም፤ እውነታቸውንም ነው።

4. አንድ የታወቀ ሥራ ስጡት

ከመመሪያው ደብተር የማታውቁትን ምግብ መርጣችሁ አትጀምሩ። ምግቡም ዕቃውም አዲስ ከሆኑ የተበላሸው በማን ጥፋት እንደሆነ መለየት አይቻልም። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ የምትሠሩትን ምረጡ፤ ስለ ጣዕሙ የሚከራከር ሰው በቤት ውስጥ ቢኖር ደግሞ የተሻለ ነው።

ኤር ፍራየርን በሳምቡሳና በድንች ፈትኑት። ሳምቡሳውን በዘይት በነካ ብሩሽ አብሱ፣ ሳይደራረብ ደርድሩ፣ በ180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጀምሩና መሐል ላይ ገልብጡ። የአሜሪካ ዕቃ የሚናገረው በፋራናይት ነው፤ 350 ማለት 177 ገደማ፣ 400 ማለት 204 ገደማ ነው። ሳምቡሳው ከዘይት እንደወጣው አይሆንም፤ ቅርፊቱ ይደርቃል፣ ወዙ ያንሳል። ይህን የሚወድ ቤት አለ፣ "ወረቀት ነው" የሚልም አለ። ቦምቦሊኖ ግን አትሞክሩ፤ የሚወጣው ዳቦ ነው። ለጥብስም ቢሆን ሥጋው ይበስላል፣ ሽንኩርቱና ቃሪያው ግን ከሥጋው ውኃ ጋር ስለማይዋሃዱ ጥብስ ተብሎ የሚቀርብ ነገር አይገኝም።

ቡና ልቁላበት የሚል ሰው አይጠፋም። የቡና ፍሬ መንጣጣት የሚጀምረው 196 ዲግሪ ገደማ ላይ ሲሆን፣ ብዙዎቹ ኤር ፍራየሮች የሚደርሱት 200 አካባቢ ስለሆነ ቡናው ከመቆላት ይልቅ ቀስ ብሎ ሲደርቅ ይቆያል። ከዚያ የባሰው ገለፈቱ ነው። ማራገቢያው ያነሣውና ከቀላው ሽቦ ላይ ያሳርፈዋል፤ ይጨሳል፣ ሊቀጣጠልም ይችላል። ቡናውን ለብረት ምጣዱ ተዉለት።

የኤሌክትሪክ ግፊት ድስት ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል፤ ደብተሩ ላይ ያለው ደቂቃ ለባሕር ጠለል የተጻፈ ነው። አዲስ አበባ ላይ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ፣ ድሬዳዋ ላይ ደግሞ 96 ገደማ ነው። በድስቱ ውስጥ ያለው ግፊትም ከውጭው አየር ላይ የሚደመር በመሆኑ ከፍታ ላይ ሙቀቱ በዚያው ልክ ያንሳል። የሚሠራበት ደንብ ከ600 ሜትር በላይ ባለው በየ300 ሜትሩ ከደቂቃው 5 በመቶ መጨመር ነው። 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ላለችው አዲስ አበባ ይህ 30 በመቶ ያህል ይሆናል፤ ደብተሩ 20 ደቂቃ ካለ 26 አድርጉት። ሐዋሳ ላይ 24፣ ድሬዳዋ ላይ 22 ይበቃል። "ሽምብራው አልበስል አለ፣ ድስቱ ውሸታም ነው" የሚለው ቅሬታ ብዙ ጊዜ መነሻው ይኸው ነው።

መሞከሪያችሁ የተቀቀለ ሽምብራ፣ ቅቅል ወይም የሐበሻ ዶሮ ይሁን። የሐበሻ ዶሮ ሥጋ ጠንካራ ስለሆነ ድስቱ ያለውን ጉልበት የሚያሳየው እዚያ ላይ ነው። ዶሮ ወጥን ግን ሙሉ በሙሉ አትስጡት። የሽንኩርቱ ቁሌት ክዳን በሌለው ድስት ውኃውን እያጣ ቀስ እያለ መብሰል አለበት፤ በተዘጋ ድስት ውኃው የትም ስለማይሄድ ቁሌቱ ወጥ ሳይሆን ሾርባ ይሆናል። ቁሌቱን በክፍት ድስት ሠርታችሁ ዶሮው ሲገባ ብቻ ክደኑት፤ ትርፉም ዶሮው ሲበስል የምትቆጥቡት ሰዓት ነው። ሽሮ ከነአካቴው አይሆንም፤ ወፍራም ስለሆነ ከሥር ይይዝና ዕቃው የማረር ማስጠንቀቂያ እየሰጠ ይቆማል። ምስር፣ ሽምብራ፣ የአተር ክክና ሩዝ አረፋ ስለሚያወጡና ስለሚያብጡ ድስቱን ከግማሽ በላይ አትሙሉ፤ ሌላውን ከሁለት ሦስተኛ በላይ አታሳልፉ። አረፋው የእንፋሎት መውጫውን ከደፈነው ነገሩ ከምግብ መበላሸት ያልፋል።

ስለ ከፍታ ካነሣን አይቀር፣ ሙቀት የሚመረጥበት ማንቆርቆሪያ የመጣላችሁም 100 ላይ አታድርጉት። አዲስ አበባ ውስጥ ውኃው እዚያ ስለማይደርስ አንዳንዱ ዕቃ ሳይጠፋ ሲያፈላ ይቆያል። 90 ላይ አድርጉት።

ከሁሉም ለእኛ ቤት የሚቀርበው፣ ብዙ ሰው ግን ምን ሊሠራበት እንደሚችል የማያውቀው ማድረቂያው ነው። ከውጭ የሚመጣው የፖምና የሙዝ ፎቶግራፍ ይዞ ነው፤ እኛ ግን ቋንጣ፣ ድርቆሽና በርበሬ አለን። ቋንጣውን እንደወትሮው በጨውና በአዋዜ ወይም በሚጥሚጣ እሹት፤ ርዝመቱን ግን ከትሪው ጋር አስተካክሉ፣ ቀጭንና እኩል ይሁን። ሥጋ ቢያንስ 71 ዲግሪ መድረስ አለበት፤ ከዚያ በታች የሚቆም ማድረቂያ ለአትክልት እንጂ ለሥጋ አይሆንም። ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርሷል። ድርቆሹ እንጀራው ተቆራርጦ በአንድ ንጣፍ ከተደረደረ ችግር የለበትም። በርበሬ የምታደርቁ ከሆነ ማሽኑን በረንዳ አውጡት፤ ማራገቢያ ያለው ዕቃ የበርበሬ ሽታ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሲበትን የጎረቤት ልጅ ሳይቀር ያስላል።

500 ዋት የሚወስድ ማድረቂያ ስድስት ሰዓት ቢሠራ 3 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ በአንድ ሰዓት ገደማ እንደሚወስደው ማለት ነው። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ያ ሁሉ ፀሐይ በነጻ እያለ ይህን መክፈል ለእኔ ትርጉም የለውም። ሐምሌና ነሐሴ ግን ቋንጣ በገመድ ላይ ተሰቅሎ በሚሻግትበት ወቅት ስሙን ያስጠራል። ስለዚህ በበጋ ሞክራችሁ "አያስፈልግም" አትበሉ፤ የሚፈተንበት ወር ክረምት ነው።

5. ወለል የሚጠርገውና የሚናገረው

ሮቦት መጥረጊያ ከመለቀቁ በፊት ወለሉን እናንተ ታዘጋጁለታላችሁ፤ ይህ ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነው። ገመድ፣ የምንጣፍ ዘርፍና የልጆች መጫወቻ ይነሣ። ቡና የተፈላበትን ክፍል ቄጤማው ሳይነሣ አትልቀቁት፤ ሣሩ በብሩሹ ላይ ይጠመጠምና መቀስ ይዛችሁ ስትፈቱት ታመሻላችሁ። ጥቁር ምንጣፍ ላይ ቢቆም አይግረማችሁ፤ ከደረጃ እንዳይወድቅ የሚጠብቀው ከሥሩ ያለው ዓይን ጥቁርን እንደ ገደል ያየዋል። ማጣሪያውና ብሩሹ የሚለወጡ ስለሆኑ መለዋወጫው እዚህ ይገኝ እንደሆነ አሁኑኑ ጠይቁ። ካልተገኘ የሚቀጥለው መንገደኛ ይዞ እንዲመጣ ሞዴሉን ጽፋችሁ ላኩ።

ዋይፋይ የሚፈልጉ ዕቃዎች ስልኩ እያየው እነሱ "አልተገኘም" የሚሉበት ምክንያት ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ አብዛኞቹ የሚያውቁት የ2.4 ጊጋኸርዝ መስመር ነው። ራውተሩ ሁለት መስመር ካለው 5 የሚለውን ለጊዜው ዝጉና እንደገና ሞክሩ።

የሚናገረው ድምፅ ማጉያ አማርኛ አይሰማም። በእንግሊዝኛ ለሙዚቃ፣ ለማንቂያና ለልጆች የቤት ሥራ ጥያቄ ይሆናል፤ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ግን ዝም ይላል። ሰዓቱን አዲስ አበባ ወይም ናይሮቢ ላይ አስተካክሉ። ማንቂያ ስታዝዙ ጠዋት 12 ሰዓት የምትሉት ለእሱ 6 መሆኑን የቤቱ ሰው ሁሉ ይወቅ፤ ይህን ያልተነገራቸው አያት ለቅዳሴ አዝዘውት እኩለ ቀን ላይ ይጮኻል። ማይክሮፎኑ ሁልጊዜ ክፍት ስለሆነ መኝታ ቤት አታስቀምጡት፤ የሚዘጋበት ቁልፍ ብዙ ጊዜ ከላዩ ይገኛል።

ጡንቻ እየደበደበ የሚያሸውን የማሳጅ መሣሪያ በጭን ወይም በባት ላይ፣ ከዝቅተኛው ፍጥነት ጀምሩ። አንገት ፊት ለፊት፣ አጥንት ላይና ያበጠ ቦታ ላይ አይደረግም። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ወይም የደም መርጋት የነበረበት ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይንካው።

6. መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን እዩ

ይህን ፈተና ዕቃውን የሠራው ፋብሪካ አላሰበበትም፤ እዚህ ግን ሳይፈተን አይታለፍም። ግማሽ መንገድ ላይ ከሶኬት ንቀሉትና መልሱት። ካቆመበት ይቀጥላል ወይስ ከመጀመሪያ ይነሣል? ሰዓቱ ይጠፋል? የግፊት ድስት በመሐል ቢጠፋበት እንፋሎቱ ውስጡ ነው፤ ክዳኑን አትታገሉ፣ ግፊቱ በራሱ እስኪወርድ ጠብቁ ወይም በመውጫው አስተንፍሱት። ማድረቂያ ውስጥ ያለ ግማሽ የደረቀ ሥጋ ለሰዓታት ለብ ብሎ እንዲቆይ አይተውም፤ ፍሪጁ ገና ቀዝቃዛ እያለ አስገቡት። መብራቱ ሲመለስ ቮልቱ ከፍና ዝቅ ሊል ስለሚችል ኤሌክትሮኒክስ ያለበትን ዕቃ ንቀሉና የክፍሉ አምፖል ብርሃኑ ሲረጋ ብቻ መልሱ።

7. ፍርዱና ለሰጪው የሚነገረው

በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም ሰው በአዲሱ ዕቃ መጫወት ስለሚፈልግ አትፍረዱ። አንድ ወር ካለፈ በኋላ ማንም ሳያስታውስ ዕቃው በራሱ ጊዜ ከቦታው ይወርዳል ወይ የሚለውን ተመልከቱ። ለማጠብ ከሚወስደው ጊዜ የሚቆጥበው ካነሰ፣ መለዋወጫው ካልተገኘ፣ ወይም ቦታ ለመስጠት ሲባል በየቀኑ የሚሠራበት ድስት ከተነሣ፣ ሌላ ቤት ይሂድ።

አክስት ደውለው "ሞከርሽው?" ማለታቸው አይቀርም። "በጣም ቆንጆ ነው" ብቻ ማለት በሚቀጥለው ዓመት ሁለተኛውን ያስልካል። ምን እንደተሠራበት ይነገራቸው፦ "አክስቴ፣ ያመጡልን መጥበሻ ለሳምቡሳና ለድንች ሆኖልናል፣ እማዬም ወደውታል። የ120 ስለሆነ በትራንስፎርመር ነው የምንሠራበት፤ ሌላ ጊዜ የሚገዙ ከሆነ 220 የሚለውን ይዩልን። እግዚአብሔር ይስጥልን።" ካልሆነላችሁም ለሌላ ሰው ከመስጠታችሁ በፊት ንገሯቸው፤ ከሰው ከሚሰሙት ከእናንተ ቢሰሙት ይሻላል፣ ምናልባትም ለማን ቢሰጥ ደስ እንደሚላቸው ይጠቁማሉ።

ወደ ሌላ ቤት የሚሄደውን ዕቃ እጠቡት፣ ከነትራንስፎርመሩና ከነመመሪያው አንድ ካርቶን ውስጥ አስገቡት። ስልክ ላይ የተመዘገበ ከሆነ ስማችሁንና የዋይፋያችሁን የይለፍ ቃል ከውስጡ አጥፉ። መሰኪያው ላይ ፕላስተር ለጥፋችሁ በወፍራም እስክሪብቶ "120 ቮልት፤ ያለ ትራንስፎርመር አይሰካ" ብላችሁ ጻፉበት።